ፍራንክ ስፕሬግ፤ የከተማን ባቡር ከፈረስ ያላቀቀው መሐንዲስ

እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች የሚኖር ሠራተኛ ከቤቱ እስከ ሥራው የሚደርሰው በእግሩ ካልሆነ በሐዲድ ላይ በፈረስ በሚጐተት ሠረገላ ነበር። ፈረስ ደግሞ እንደ ብረት አይደለም፤ ይደክማል፣ ይታመማል፣ ይራባል። በቀን የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ በመሆኑ አንዱን ሠረገላ ከጧት እስከ ማታ ለማንቀሳቀስ በየጋጣው ብዙ ተለዋጭ ፈረሶችን መቀለብ ግድ ነበር። ዳገት ሲያጋጥም ተጨማሪ ፈረስ ይጠመዳል፤ ጥቂት ዓመት አገልግሎ የደከመው ይሸጥና ሌላ ይገዛል። በ1872 በሰሜን አሜሪካ ተላላፊ የፈረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ የብዙ ከተሞች መጓጓዣ ተሰናክሎ በአንዳንድ ስፍራ ሰዎች ራሳቸው ጋሪ እስከ መጐተት ደርሰው ነበር። ከተማ ሊሰፋ የሚችለው ነዋሪው በማለዳ ተነሥቶ በሰዓቱ ሥራ ሊደርስ እስከሚችልበት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ የፈረሱ ጉልበት የከተማው ወሰን ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ወሰን ለማፍረስ የተደረገው ሙከራ ብዙ ነው። በለንደን ከ1863 ጀምሮ በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ከምድር በታች ይመላለስ ነበር፤ ጢሱ ግን መንገደኛውን እስትንፋስ ያሳጣው ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ በ1873 ከመንገዱ በታች ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ የብረት ገመድ ሠረገላዎችን ዳገት ያወጣ ጀመር፤ ይህም ለመትከል እጅግ ውድ ነበር። ጀርመናዊው ቬርነር ፎን ዚመንስ በ1879 በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ በኤሌክትሪክ የሚሮጥ ትንሽ ባቡር አሳየ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም በዚያው ከተማ አጠገብ በሊሽተርፌልደ ለሕዝብ የሚያገለግል አጭር መስመር ከፈተ። በአሜሪካም ሊዮ ዳፍት፣ የቤልጅግ ተወላጁ ቻርልስ ቫን ዴፑል፣ እንዲሁም ቤንትሌይና ናይት የተባሉት ጓደኛሞች በየፊናቸው መስመሮች ዘርግተዋል።

እንግዲህ ፍራንክ ጁሊያን ስፕሬግ የኤሌክትሪክ ባቡር የመጀመሪያው ፈልሳፊ አይደለም። የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ለትርኢት የሚሮጠውን መኪና በዝናብም በዳገትም፣ በየቀኑና በየሰዓቱ፣ ለብዙ ሕዝብ እንዲያገለግል አደረገው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ በሚገባ የሚያውቀው ሥራውን በውልና በኃላፊነት የተረከበ ሰው ነው።

ከሚልፎርድ እስከ ለንደን

ስፕሬግ በጁላይ 25 ቀን 1857 በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር በሚልፎርድ ከተማ ተወለደ። ገና ስምንት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ አባቱም እንጀራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሕፃኑንና ወንድሙን የአባታቸው እኅት ተቀብላ በማሳቹሴትስ በምትገኘው ኖርዝ አዳምስ አሳደገቻቸው። በትምህርት ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የሒሳብ ትምህርት ነበር። በ1874 ወደ ጦር መኰንኖች አካዳሚ ለመግባት ሊፈተን ሄዶ፣ ፈተናው የባሕር ኃይል አካዳሚ ሆኖ አገኘው። ይሁን ብሎ ተቀመጠ፤ አንደኛም ወጣ። በዚህ ዓይነት አጋጣሚ አናፖሊስ ገብቶ በ1878 ተመረቀ።

በመርከብ ላይ ያሳለፋቸው ዓመታት ለመኰንንነት ሳይሆን ለመሐንዲስነት ያዘጋጁት ይመስላሉ። የማስታወሻ ደብተሩ በፈጠራ ንድፎች የተሞላ ነበር። ላንካስተር በተባለችው የጦር መርከብ ላይ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን የኤሌክትሪክ ደወል መጥሪያ ዘረጋ። በ1882 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን የዳኞች ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ በመሥራቱ የዘመኑን ዲናሞዎች፣ መብራቶችና የጋዝ ሞተሮች በቅርብ ለመመርመር ዕድል አገኘ።

ይሁን እንጂ ሕይወቱን የለወጠው ከኤግዚቢሽኑ ይልቅ ወደዚያ የሚመላለስበት ጉዞ ነበር። በምድር ውስጥ ባቡር ሲሄድ በጢስና በጥላሸት እየታፈነ ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ ቢሠራ ብሎ ያስብ ጀመር። ችግሩ ኤሌክትሪኩን ለሚንቀሳቀስ ነገር እንዴት ማድረስ ይቻላል የሚለው ነው። ስፕሬግ የሠረገላውን መንገድ በሁለት ወለል መካከል እንዳለ አድርጎ በሐሳቡ ሣለው፤ ታችኛው ወለል ሐዲዱ፣ ላይኛው የተንጠለጠለው ሽቦ ነው። ሠረገላው በሁለቱ መካከል እየሄደ ከላይ ኃይል ተቀብሎ በታች ይመልሳል። ይህ ሐሳብ ለጊዜው ሐሳብ ብቻ ሆኖ ቆየ።

ከኤዲሰን ቤት

የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን የወጣቱን መኰንን ችሎታ አይቶ ባሕር ኃይሉን እንዲተው መከረው። በ1883 ስፕሬግ ከኤዲሰን ዘንድ ተቀጠረ። በፔንሲልቫኒያ በሰንበሪ፣ በማሳቹሴትስ ደግሞ በብሮክተን የተተከሉትን የመብራት ጣቢያዎች ሥራ ለማስጀመር ረዳ። በዚያን ጊዜ የአንድ ከተማ የመብራት ሽቦ ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ለመወሰን የከተማውን መስመር በትንሹ በሞዴል ሠርቶ መለካት ልማድ ነበር። ስፕሬግ ይህን በወረቀትና በእርሳስ፣ በሒሳብ ቀመር ማግኘት እንደሚቻል አሳየ፤ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ በእጅጉ አጠረ።

ነገር ግን የኤዲሰን ልብ በመብራት ላይ፣ የስፕሬግ ልብ በሞተር ላይ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓመት ያህል እንደሠራ በ1884 ተሰናብቶ በጆንሰን ረዳትነት የራሱን የኤሌክትሪክ ባቡርና የሞተር ኩባንያ አቋቋመ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ሞተር የባለሙያዎችን ዓይን ሳበ። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ጭነት ሲበዛባቸው ፍጥነታቸው ይዋዥቃል፤ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሏቸው ብሩሾችም ብልጭታ እየተፉ ይቃጠላሉ። የስፕሬግ ሞተር ግን ጭነቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ብሩሾቹም ከቦታቸው መነካካት አያስፈልጋቸውም። ኤዲሰን ራሱ ሞተሩን በይፋ አመሰገነ፤ የሚያመርተውም የእሱ ፋብሪካ ነበር።

በ1885 እና በ1886 ስፕሬግ ሞተሩን ለኒው ዮርክ የድልድይ ላይ ባቡር ለማዋል ሙከራ አደረገ። ከዚያ ሙከራ የተወለደው ነገር ለዓይን ቀላል ቢመስልም የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። ሞተር ከሠረገላው ወለል ላይ ቢታሰር መንኰራኵሩ በጐበጠ ሐዲድ ላይ በዘለለ ቁጥር የሞተሩ ጥርስና የመንኰራኵሩ ጥርስ ይለያያሉ፤ ይሰበራሉም። ስፕሬግ የሞተሩን አንድ ጐን በመንኰራኵሩ ዘንግ ላይ አሳርፎ፣ ሌላውን ጐን በሞላ በታችኛው የብረት አካል ላይ አንጠለጠለው። እጀታውን ሰው ይዞት ጐማው መሬት እንደሚነካ የአንድ እግር ጋሪ ማለት ነው። ሐዲዱ ቢወጣ ቢወርድ ሞተሩ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጥርስ ከጥርስ አይለይም። ይህ አሠራር ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት ኖሯል።

የኒው ዮርኩ ሙከራ ግን ገበያ አላገኘም። የድልድይ ላይ ባቡሩ ባለ ገንዘብ ጄይ ጉልድ ሙከራውን ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ስፕሬግ ኃይሉን ለማሳየት ጓጕቶ መቈጣጠሪያውን በድንገት ቢከፍተው ከጉልድ አጠገብ የነበረው ፊውዝ በታላቅ ድምፅና ብልጭታ ተቃጠለ። ባለጠጋው ከሠረገላው ሊዘልል ቃጣው፤ ጉዳት እንደሌለ ቢነገረውም ተመልሶ ወደ ሙከራው አልመጣም። ስፕሬግ የሠላሳ ዓመት ሰው ሳይሞላው የደንበኛ ፍርሃት ከማናቸውም የሒሳብ ስሕተት የበለጠ ዋጋ እንደሚያስከፍል ተማረ።

የሪችመንድ ውል

በሜይ ወር 1887 ከቨርጂኒያ ዋና ከተማ ከሪችመንድ አንድ ውል መጣ። ኩባንያው 12 ማይል መስመር ላይ ሽቦ ሊዘረጋ፣ 375 የፈረስ ጉልበት ያለው የኃይል ጣቢያ ሊተክል፣ ለ40 ሠረገላዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሞተር ሊያቀርብ፣ በአንድ ጊዜም 30 ሠረገላ ሊያስኬድ ተስማማ። የተሰጠው ጊዜ 90 ቀን፣ ዋጋው 110,000 ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ሥራው አጥጋቢ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ባቡር ሞተሮች ሁሉ ቢደመሩ የሪችመንድን 80 ሞተሮች ያህሉ እንደሆነ ነው። ውሉ ሲፈረም የሐዲዱ መንገድ እንኳ ገና በእርግጥ አልተወሰነም፤ ሞተሩም በከፊል በወረቀት ላይ ያለ ነበር። ስፕሬግ ኋላ እንደመሰከረው፣ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ብዕሩን ለማንሣት ባመነታ ነበር።

ውሉ በተፈረመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስፕሬግን ታይፎይድ ጣለው። ለብዙ ሳምንታት የሥራው ሸክም የወደቀው በሁለት ወጣት ረዳቶቹ ላይ ነበር፤ አንደኛው ከምድር ጦር የመጣው ኦስካር ክሮዝቢ፣ ሌላው ከባሕር ኃይል የመጣው ሳሙኤል ዳና ግሪን ናቸው። ስፕሬግ ከሕመሙ ተነሥቶ ሪችመንድ ሲደርስ ያየው ነገር የሚያስደነግጥ ነበር። ሐዲዱ ቀጭን፣ መሠረቱም ዝናብ ሲነካው የሚላቆጥ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። መታጠፊያዎቹ ጠባብ፣ ዳገቶቹም ከተጠበቀው በላይ ቀጥ ያሉ ሆኑ፤ አንዳንዱ ከመቶ አሥር እጅ የሚያሻቅብ ነበር። በዚያ ዳገት የሚወጣ የኤሌክትሪክ ሠረገላ እስከዚያ ድረስ በተግባር አልታየም።

ስፕሬግ ለብዙ ቀን ከማሰላሰል አንድ ሌሊት መሞከር ይሻላል ብሎ ከግሪን ጋር አንዱን ሠረገላ ይዞ ወጣ። ሠረገላው ዳገቱን በራሱ ጉልበት ወጣ፤ መንኰራኵሩም አላንሸራተተውም። ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ግን ሞተሮቹ ከመጠን በላይ መጋላቸውን ስፕሬግ ያውቃል። ጥቂት እንደሄዱም ሠረገላው ተንገጫግጮ ቆመ። በዚህ ጊዜ ከቴአትር ቤት የወጣ ሕዝብ ተሰብስቦ ይመለከት ነበር። ስፕሬግ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጥቂት የሽቦ ብልሽት መኖሩን ተናገረ፤ ግሪንንም መሣሪያ እንዲያመጣ ላከው። ከዚያም መብራቱን አጥፍቶ በወንበሩ ላይ ጋደም አለና ሕዝቡ ተሰላችቶ እስኪበተን ጠበቀ። በመጨረሻ ግሪን ይዟቸው የመጣቸው መሣሪያዎች አራት ብርቱ በቅሎዎች ነበሩ። ከፈረስ ሊያላቅቅ የመጣው ሠረገላ በዚያ ጨለማ በበቅሎ ተጐትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ይህ ታሪክ ኋላ ለሣቅ ይነገር እንጂ በዚያች ሌሊት የሚያስቅ አልነበረም። የሞተሩ ጥርስ ለዳገቱ እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ስፕሬግና ጆንሰን ብራውን ኤንድ ሻርፕ ወደተባለው ዕውቅ የመሣሪያ ፋብሪካ ወደ ፕሮቪደንስ ሄደው በሞተሩና በመንኰራኵሩ መካከል ተጨማሪ ጥርስ አሠሩ፤ ፍጥነት ተቀንሶ ጉልበት ተጨመረ። ከዚያም ሌላው ችግር መጣ። ከላይ ካለው ሽቦ ኃይል የሚቀበለው ክንድ በየመታጠፊያው ከሽቦው እየወለቀ ያስቸግር ነበር። በብዙ አሥር የሚቈጠሩ ንድፎች ተሞክረው ከተጣሉ በኋላ ባለ ሞላ ዘንግ ከሠረገላው ጣራ ላይ ተተክሎ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ባለ ጉድጓድ ትንሽ መንኰራኵር ሽቦውን ከታች ወደ ላይ እየገፋች እንድትሽከረከር ተደረገ። ብሩሾች ቶሎ ያልቁ ነበር፤ መብረቅ ሞተሮችን ያቃጥል ነበር፤ ለእያንዳንዱም መድኃኒት ተፈለገለት። ስፕሬግና ረዳቶቹ ቀን ሠረገላ ያስኬዳሉ፣ ሌሊት ሞተር ይጠግናሉ።

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1888 የሪችመንድ መስመር ለሕዝብ ተከፈተ። ቀኑ ከውሉ አልፎ ነበር፤ ስፕሬግም ቅጣቱን ተቀብሎ፣ የዋጋ ቅነሳውንም ታግሦ ሥራውን ፈጸመ። ኩባንያው ከዚህ ውል ያተረፈው በአሥር ሺህ የሚቈጠር ዶላር ኪሳራ ነበር። ከተማው ግን በክረምት ጭቃና በበጋ ሙቀት፣ ዳገት ቁልቁለቱን የሚያሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር አገኘ።

ሃያ ሁለቱ ሠረገላዎች

የሪችመንድ ወሬ እየተሰማ በሄደበት በ1888 ሄንሪ ዊትኒ የተባለ የቦስተን ባለ ሀብት ሊጐበኝ መጣ። ዊትኒ የቦስተንን የፈረስ ሠረገላ ኩባንያዎች በአንድነት ጠቅልሎ ከ7,000 በላይ ፈረሶች ያስተዳድር የነበረ ሲሆን፣ እነዚህን በብረት ገመድ ለመተካት ተዘጋጅቶ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አነሣ። ብዙ ሠረገላዎች በአንድ ስፍራ ተጨናንቀው በአንድ ጊዜ ቢነሡ መስመሩ ኃይል ያጥረውና ሁሉም ይቆማሉ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በተጨናነቀ ከተማ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነውና።

ስፕሬግ ክርክር አልጀመረም። አንድ ምሽት የመደበኛው አገልግሎት ካበቃ በኋላ 22 ሠረገላዎች በመስመሩ አንድ ጫፍ እንዲደረደሩ አደረገ፤ ያ የሽቦ ክፍል የተዘጋጀው ግን ለአራት ሠረገላዎች ብቻ ነበር። የጣቢያው ሠራተኛ የእንፋሎት ግፊቱን ከፍ አድርጎ የቮልት መጠኑን ወደ 500 እንዲያወጣ፣ ምንም ቢመጣ እንዳያቋርጥ ታዘዘ። ዊትኒ ከመኝታው ተጠርቶ መጣ። በፋኖስ ምልክት ሠረገላዎቹ እያንዳንዳቸው፣ የፊተኛው ቦታ ሲለቅ የኋለኛው እየተከተለ ተነሡ። መብራቶቹ ፍም እስኪመስሉ ደበዘዙ፤ ቮልቱም ወደ 200 ወረደ። ነገር ግን አንዱም ሠረገላ አልቆመም፤ ቀስ በቀስም መብራቱ ተመልሶ ደመቀ። ዊትኒ የብረት ገመዱን ሐሳብ ጣለው። ከ1889 መጀመሪያ አንሥቶ በቦስተን የኤሌክትሪክ ትራም ይሠራ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው እንደ ጐርፍ ነው። ከሪችመንድ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ በስፕሬግ መሣሪያ የተሠሩት ወይም ሊሠሩ ውል የተፈረመላቸው መስመሮች 110 ያህል ደረሱ፤ በጣሊያንና በጀርመን ያሉትም በዚህ ይገኛሉ። በ1902 በአሜሪካ ከነበረው የከተማ ሐዲድ ከመቶ 97 እጅ ያህሉ በኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የትራሙ ብዛት ራሱ ሌላ ችግር ወለደ። በቦስተን መሐል ከተማ ሠረገላዎቹ ተደርድረው መንገዱን ስለዘጉት ከምድር በታች ማስገባት ግድ ሆነ፤ በ1897 የተከፈተው ያ የትራም ዋሻ በአሜሪካ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ነው።

ስፕሬግ ግን የድካሙን ፍሬ በስሙ አልበላውም። በ1890 ኤዲሰን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያውን ጠቀለለው። በመሣሪያዎቹ ላይ የነበረው የስፕሬግ ስም ቀርቶ የኤዲሰን ስም ተተካ። ስፕሬግ በዚህ ክፉኛ አዝኖ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። ብዙ ሰው ትራምን የኤዲሰን ፈጠራ አድርጎ እንዲያስብ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስፕሬግ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ይህን ለማረም ሲታገል ኖሯል።

ከአሳንሰር እስከ ምድር ውስጥ ባቡር

ከሐዲድ የተለየው መሐንዲስ ፊቱን ወደ ሕንፃ አዞረ። በ1892 ከቻርልስ ፕራት ጋር የኤሌክትሪክ አሳንሰር ኩባንያ አቋቋመ። በውሃ ግፊት የሚሠሩት የዘመኑ አሳንሰሮች ከተወሰነ ከፍታ በላይ እያስቸገሩ ነበር፤ የስፕሬግ አሳንሰሮች በኒው ዮርክ የፖስታል ቴሌግራፍ ሕንፃ ውስጥ ተተክለው በሚገባ ሠሩ። ኋላም ለንደን ለሴንትራል ለንደን ባቡር ጣቢያዎች 49 አሳንሰር እንዲያቀርብ አዘዘችው። የአሳንሰር ሥራውንም በመጨረሻ የኦቲስ ኩባንያ ገዛው።

የአሳንሰሩ ጊዜ ግን ለባቡሩ ጉዳይ የባከነ አልነበረም። ስፕሬግ ከባድ ሞተርን ከሩቅ በጥቂት ኤሌክትሪክ ማዘዝ የተማረው በዚህ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን አሳንሰሮች ሁሉ በአንድ መቈጣጠሪያ ማንቀሳቀስ ይቻላል ብሎ ሲያስብ፣ የአሳንሰሮቹ ረድፍ በሐሳቡ ተጋድሞ ባቡር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ረጅም የኤሌክትሪክ ባቡር ይሳብ የነበረው እንደ እንፋሎቱ ሁሉ ከፊት በታሰረ አንድ ከባድ ጐታች መኪና ነበር። ስፕሬግ ጐታቹን አስቀረው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱን ሞተርና የራሱን መቈጣጠሪያ ይይዛል፤ በፉርጎዎቹ ሁሉ ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ የነጂውን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ያደርሳል። አንዱ ነጂ አንዲት እጀታ ሲያዞር የአሥር ፉርጎ ሞተሮች እንደ አንድ ሰው ይነሣሉ። ሰው ሲበዛ ፉርጎ ይቀጠላል፣ ሲያንስ ይፈታል፤ ጉልበቱም ከርዝመቱ ጋር አብሮ ያድጋል፣ ያንሳልም። ባቡሩ ከመድረሻው ሲደርስ ጐታች ማዞር አያስፈልግም፤ ነጂው ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ይመለሳል።

ይህን ለመሞከር ዕድል የሰጠው በእንፋሎት ይሠራ የነበረውና ዕዳ የተጫነው የቺካጎ ሳውዝ ሳይድ የድልድይ ላይ ባቡር ነው። ስፕሬግ በ1897 ለምክር ተጠርቶ ሳለ የራሱን አሠራር አቀረበ፤ ለ120 ፉርጎዎች መሣሪያ ለማቅረብም ውል ገባ። እንደ ሪችመንዱ ሁሉ ይህም ውል ጨካኝ ነበር። ስፕሬግ 100,000 ዶላር ዋስትና አስይዞ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሠራ ባቡር ላይ ማሳየት ነበረበት። በጁላይ 16 ሁለት ፉርጎዎች በስኬኔክተዲ በሚገኝ የሙከራ ሐዲድ ላይ ተንቀሳቀሱ። አርባኛ ዓመቱን ባከበረ ማግሥት በጁላይ 26 ቀን ደግሞ ከቺካጎ በመጡት ኃላፊዎች ፊት ስድስት ፉርጎ ያለውን ባቡር የነዳው የአሥር ዓመት ልጁ ነበር። ሥራው ለሕፃን እንኳ ካልከበደ ለሠለጠነ ነጂ እንዴት ይከብዳል የሚለውን ክርክር ማንም መመለስ አልቻለም። በ1898 በቺካጎው መስመር የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡር ተሰናበተ።

የምድር ውስጥ ባቡር በእውነት የከተማ ባቡር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። በለንደን በ1900 የተከፈተው የሴንትራል ለንደን መስመር በከባድ ጐታቾች በመሠራቱ ከዋሻው በላይ ያሉት ቤቶች ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ቅሬታ ካቀረቡ በኋላ በ1903 ባቡሮቹ በባለ ሞተር ፉርጎ ተተኩ፤ መንቀጥቀጡም ቀለለ። በ1904 የተከፈተው የኒው ዮርክ ምድር ውስጥ ባቡር በዚሁ መሠረት ተሠራ። በፓሪስ ስፕሬግ ቶምሰን የተባሉት ፉርጎዎች ከ1908 እስከ 1983 ድረስ ሕዝብ ሲያመላልሱ ቆዩ። በአገሩ የተፋቀው ስም በባዕድ ከተማ ዋሻ ውስጥ ሰባ አምስት ዓመት መዝለቁ የሚያስገርም ነው። የአሠራሩን ባለቤትነት መብት በ1902 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገዝቶታል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በጃንዋሪ 8 ቀን 1902 በኒው ዮርክ በፓርክ አቬኑ ዋሻ ውስጥ ጢስና እንፋሎት ምልክቱን ጋርዶት አንድ ባቡር የቆመውን ሌላ ባቡር ገጭቶ 15 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ የተነሣ ከ1908 አጋማሽ ጀምሮ የእንፋሎት ባቡር ማንሃታን እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ። የኒው ዮርክ ሴንትራል ባቡር ኩባንያ ሥራውን ወደ ኤሌክትሪክ ለማዛወር ባቋቋመው ኮሚሲዮን ውስጥ ስፕሬግ አባል ሆነ፤ ከዋናው መሐንዲስ ከዊሊያም ዊልገስ ጋር ሆኖም ኃይል የሚያስተላልፈውን ሦስተኛ ሐዲድ ከላይ ተሸፍኖ ከታች በኩል እንዲነካ አድርጎ ነደፈው። በዚህም ሠራተኛውን ከአደጋ፣ ሐዲዱንም ከበረዶ ጠበቀው። ጢሱ በመቅረቱ በሐዲዱ ላይ መንገድና ሕንፃ መሥራት ተቻለ። ታላቁ የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1913 ነው፤ ሪችመንድ ከተከፈተች ልክ በ25ኛ ዓመቷ።

ስፕሬግ በ1892 የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ነበር። ይኸው ማኅበር በ1910 የሙያውን ከፍተኛ ሽልማት ሰጠው፤ ሽልማቱ የኤዲሰን ሜዳይ ይባላል። በሽልማቱ ላይ የተቀረጸው ስም የራሱን ስም የሸፈነው ቢሆንም ስፕሬግ በክብር ተቀበለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤዲሰን በሚመራው የባሕር ኃይል አማካሪ ቦርድ ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደገና አብረው ሠሩ። ከዚያም በኋላ ስፕሬግ ምልክት ጥሶ የሚያልፍን ባቡር በራሱ የሚያስቆም መሣሪያ፣ እንዲሁም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት አሳንሰር የሚያስኬድ ዘዴ ሲሠራ ቆየ። በኦክቶበር 25 ቀን 1934 በ77 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም ተቀበረ።

የስፕሬግ ሕይወት ለሙያው ሰዎች የሚተወው ትምህርት ከፈጠራዎቹ ዝርዝር የሰፋ ነው። የእሱ ዘመን ፈልሳፊዎች ብዙዎቹ ሞተር ሠርተዋል፤ ሽቦ ሰቅለዋል፤ አጭር መስመርም አሳይተዋል። እሱ ግን ጣቢያውን፣ ሽቦውን፣ ሞተሩን፣ ጥርሱን፣ ሐዲዱንና ዳገቱን እንደ አንድ ሥራ ቈጥሮ የሁሉንም ጉድለት በራሱ ዕዳ ወሰደ። ሐዲዱን የዘረጋው ሌላ ነው፣ ዳገቱ በውሉ ውስጥ አልነበረም ብሎ ከሪችመንድ ቢመለስ ፍርድ ቤት እንኳ ባልወቀሰው ነበር። አልተመለሰም፤ በበቅሎ ተጐትቶ ገብቶ በማግሥቱ እንደገና ወጣ።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ በ750 ቮልት ኃይል እየተቀበለ፣ ኤሌክትሪኩን በሐዲዱ እየመለሰ፣ በመንገደኛው እግር ሥር ባሉት ሞተሮች እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው። በሁለት ወለል መካከል የሚሄደው ያ ሠረገላ በ1882 በለንደን ጢስ ውስጥ አንድ ወጣት መኰንን ያሰበው ነው። ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው፣ ስሙ ባይነሣም ሥራው በየከተማው ይሄዳል።